በጀርመንኛ መጮህ ነውር አይደለም

አሪፋ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚመለሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያና ዶሮ በታቀፉ ሴትዮ መሀል ተጣብባ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትሄዳለች። ያያት ሰው ዚክር የያዘች ይመስለዋል። እሷ ግን የምትለው «እኔ እጠጣለሁ፣ አንተ ትጠጣለህ፣ እሱ ይጠጣል» ነው፤ በጀርመንኛ። ጠጪው ሁሉ ጠጥቶ ሲያበቃ በላተኛው ይቀጥላል። ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ሲቆም እንቅልፍ ይጥላታል፤ ቡሬ መግቢያ ላይ ስትነቃ ከተማረችው ግማሹ የለም።

ደክሟታል። ድካሟ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። ጠዋት የአማቷን ቁርስ አቅርባ፣ የበርበሬ ሱቃቸውን ከፍታ፣ የዛላውን ጆንያ ጎትታ በራፍ ላይ አውጥታ ነው ወደ ትምህርቷ የምትሮጠው። ስትመለስም የሚጠብቃት ያው ጆንያ ነው። በዚያ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንግዲህ መቼ ነው የምትሄጂው?» ይላታል። የሚጠይቋት ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ደግ ሰውም ሲበዛ ይሰለቻል።

ባሏ ማህዲ የሚኖረው ጀርመን አገር፣ ሀምቡርግ አጠገብ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ይውላል። ወረቀት ያለው ሰው ስለሆነ በደህና ጊዜ ወደ ቡሬ መጥቶ አገባት፤ ሰርጉ ተበላ፣ ሙሽሮቹ ገና በወጉ ሳይለማመዱ ፈቃዱ አለቀና ተመለሰ። ሚስቲቱን ለመውሰድ ወረቀቷ ሁሉ ተሟልቶ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቋንቋ። ጀርመኖቹ ብዙም አልጠየቁም ይባላል። ስምሽን ተናገሪ፣ አገርሽን ተናገሪ፣ ዳቦ ግዢ፣ መንገድ ጠይቂ ነው ነገሩ። የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው ይላሉ። አሪፋ ይህን የሚል ሰው ስታይ አንገቱን ማነቅ ያምራታል።

በስልክ መማር ይቻላል የሚሉም አሉ። ኔትወርክ ላለበት አገር ይቻል ይሆናል። አሪፋ ግን መንገዱ ሲከፈት እየሄደች፣ ሲዘጋ ቤቷ እየተቀመጠች፣ ፍኖተ ሰላም አለበል የሚባል ሰው ዘንድ ነው የምትማረው።

አለበል የጢስ ዓባይ ልጅ ነው። ፏፏቴውን ሊያዩ የሚመጡ ጀርመኖችን ሲያስጎበኝ ቋንቋቸውን ለቀመ፤ ኋላም ባሕር ዳር ተቀምጦ በደንብ ተማረው። ጎብኚ ሲጠፋ ጊዜ እህቱ ዘንድ ፍኖተ ሰላም ገባና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነርሶችንና ባሎቻቸው ውጭ ያሉ ሚስቶችን ማስተማር ያዘ። ሲያስተምር አሁንም የአስጎብኚ ወጉ አልለቀቀውም። ሰሌዳውን በዱላ እያመለከተ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ «አሁን ደግሞ ወደ ግሱ እንሻገር፤ እግራችሁን አደራ» ይላል።

«ጠረጴዛው ወንድ ነው» አላቸው አንድ ቀን። «በሩ ሴት ናት። ልጃገረዷ ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለችም።»

«ለምን?» አለች አሪፋ፤ ተናዳለች።

«ለምን አይባልም፤ ይያዛል።»

መያዙንስ ታውቅበታለች። ቁርአን ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ወንዱን ሴቱን ሁሉ ዜማ አበጅታለት ያዘችው። ፊደሉም አላስቸገራትም። የጉሮሮውን ድምፅ አለበል ራሱ «ጨን እና ጰን የምታወጡ ሰዎች ይሄ ሊያቅታችሁ ነው?» ብሎ አቃለለው። ያስቸገራት ከንፈርን ለፉጨት እንደሚያሾሉት አሹሎ «ኢ» ማለት ነበር። ያገባች ሴት በሱቋ በራፍ ቁጭ ብላ ከንፈሯን ስታሾል አላፊ አግዳሚው መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህቺን ድምፅ የምትለማመዳት ፊቷን ወደ ጆንያው አዙራ ነው። በርበሬው እያስነጠሳት።

የመጀመሪያውን ፈተና ለመፈተን አዲስ አበባ ስትሄድ ሁሉን ይዛ ነበር። አዳምጦ መመለሱን ሠራችው፤ ንባቡንም ጽሕፈቱንም ሠራችው። ከሰዓት በኋላ ለንግግሩ ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር ሁለት ጀርመኖች ፊት ተቀመጡ፤ አንዷ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ሌላው ወጣት፣ ሁለቱም ለአገሩ እንግዶች። የደሴዋ ልጅ ካርዷን አየችና በጀርመንኛ «ሻይ መጠጣት ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

የእኛን አገር ሰው ያወቀ የሚሆነውን ያውቀዋል። ሰው ሲያናግርህ «አዎ» ለማለት አፍህን መክፈት የለብህም። ትንፋሽህን አጠር አድርገህ ወደ ውስጥ ትስበዋለህ፤ አለቀ። አዎ ማለት ነው፣ ገብቶኛል ማለት ነው፣ እሺ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ አንገት ሰበር ተደርጎ፣ ዓይን ወደ መሬት ተጥሎ ነው። አሪፋ ጀርመኖቹን ስታይ ትልቅ ሰዎች ናቸው ብላ አንገቷን ሰበረች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አደረገች፣ ትንፋሿን ሳበች።

የደሴዋ ልጅ መልሷን አገኘች። ራሷን ነቅንቃ አመስግና ካርዷን ገለበጠች። ሁለቱ ልጆች በደንብ ተግባብተዋል። ጀርመኖቹ ግን ምንም ስላልሰሙ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ጎንበስ ብለው «መልስሽስ?» አሏት። አሪፋ፣ አሁንማ ጠበቅ አድርጌ ልንገራቸው ብላ፣ ትንፋሿን ከቅድሙ አስረዝማ ሳበች። ሴትዮዋ ደንግጠው ተነሡና ውሃ ቀዱላት።

ወደቀች። ንባቡም ጽሕፈቱም ደህና ነበር፤ ንግግሩ ጎትቶ ጣላት።

አለበል ምን እንደሆነ ሊያጣራ እዚያችው ክፍል ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። ትንፋሿን ሳበች። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በማርያም፣ አሪፋ! ጀርመን ትንፋሽ አይሰማም! ‹ያ› በይ! ‹ያ!›»

ወዲያው ስልኩ ጠራ። አንሥቶ የእህቱን ወሬ ሲያዳምጥ እሱ ራሱ ደጋግሞ ትንፋሹን ሳበ። ከሆስፒታሉ አዳሯን ጨርሳ የመጣችው ነርስ፣ እፀገነት፣ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አሪፋም ሳቀች፤ ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና ትንፋሿን አስራ ሄደች። ትንፋሿ ሲታሰር ግን ድምፅዋም አብሮ ታሰረ። «ያ» ያለችው ለራሷ አንገት ልብስ ነበር። እንደገና ወደቀች።

ማህዲ ደወለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በቀለላት።

«ደክሞኛል፣ አሪፋ» አላት። «አንቺንም እንዲህ አስሬ ማስቀመጤ ሐራም ሆኖ ይታየኛል። ሦስተኛዋን ሞክሪያት። እሷም ካልሆነች ግን ወጣትነትሽን አልበላም፤ እለቅሻለሁ። ሌላ ታገቢያለሽ።»

አሪፋ ትንፋሿን ሳበች።

«ሄሎ? ሰማሽኝ?» አለ ማህዲ። ጀርመን ከርሞ እሱም ረስቶታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በርበሬ ስትመዝን ሁለት ነገር አብሮ መጣባት። አንዱ ትዳሯ በአንድ ፈተና ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የማህዲን ፊት ለማስታወስ ፎቶግራፍ ማየት የሚያስፈልጋት መሆኑ። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ጠረጴዛን ወንድ የምታደርገው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ሚዛኑን ትክ ብላ እያየች ገዢውን አስቆመችው።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው አማቷ፣ ሐጂ አብዱረህማን ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ሴት ልጃቸው ናጂሃ ባሕር ዳር አግብታ ትኖራለች፤ ወንዱ ማህዲ ነው። ሐጂ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ከሚዛኑ ጀርባ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። የገበያው ሰው ሁሉ እየጮኸ ያናግራቸዋል፤ አሪፋ ብቻ አትጮህም። ምራት በአማቷ ላይ ድምፅ ታነሣለች እንዴ? ምሳ ሲደርስ በእጇ ታሳያቸዋለች፣ ሲጠሯት ብቅ ትላለች፣ ሲጠይቋት ትንፋሿን ትስባለች። አንድ ጣራ ሥር ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ ወግ ያለው ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም።

አንድ የገበያ ቀን አለበል ለእህቱ በርበሬ ሊገዛ ቡሬ መጣ። የሐጂን እጅ ጨብጦ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አለ።

«ሐጂ! ምራትዎ ቋንቋውን ጥንቅቅ አድርጋ ታውቃለች! የሌላት ድምፅ ነው!»

የገበያው ረድፍ ሁሉ ሰማ። አሪፋ መሬቱ ቢውጣት በወደደች። ሐጂ ግን አለበል በርበሬውን ይዞ ሲሄድ ጠሯት።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ከገባሽ ጀምሮ ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም። የኔ ጆሮ ነበር የሚመስለኝ።»

አሪፋ አንገቷን ሰበረች።

«በአማርኛ ብትጮኺብኝ ሰው ነውረኛ ይልሻል፤ አንቺም አይሆንልሽም። በጀርመንኛ ቢሆን ግን ማን ምን ያውቅብሻል? በጀርመንኛ መጮህ ነውር አይደለም። በይ እዚያ በሩ ላይ ሁኚና የተማርሽውን በይ። እኔ እዚህ ሆኜ ከሰማሁ እጄን አነሣለሁ። ካልሰማሁ ወድቀሻል።»

አሪፋ በሩ ላይ ቆማ ስሟን ተናገረች። እጅ አልተነሣም። አገሯን ተናገረች። አልተነሣም። ላብ አሰመጣት። ከገበያው ጫጫታ በላይ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ዳቦ የት ይሸጣል?» ብላ በጀርመንኛ ጮኸች። ከሚዛኑ ጀርባ አንዲት የሸመገለች እጅ ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ ትምህርት ሆነ። ሕጉን እሳቸው ናቸው የሚያወጡት፤ በተለይ በትንፋሽ የሚባል አዎ አይቆጠርም። ሲውል ሲያድር እሳቸውም ያቺኑ የሻይ ጥያቄ ተማሩ። «ትሪንክን ዚ ጌርን ቴ?» ይላሉ ሻይ በመጣ ቁጥር፣ ቃሉን እንደ ደረቅ ሥጋ እያላመጡ። «ያ!» ትላለች አሪፋ ከበሩ። «አልሰማሁም» ይላሉ። «ያ!!» ሲሰሙ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

ሰፈሩ ግን የሰማው ሌላ ነው። የሐጂ ምራት አማቷን ትሰድባለች፣ ያውም ሰው እንዳይገባው በፈረንጅ አፍ፣ የሚል ወሬ ረድፉን ዞረ። ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው ሀምዱ ነገሩ ሳይብስ ብሎ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። እንግዳ ተቀመጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ! ልጅቱ ምን በድለዋት ነው እንዲህ የምትጮህብዎ? ወይስ እሷ ናት ያጠፋችው?»

«ዳቦ የት እንደሚሸጥ እየጠየቀችኝ ነው» አሉ ሐጂ።

«ኧረ? ታዲያ ለምን አይነግሯትም?»

«ጀርመንኛ አልችልማ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያሸማገሉት ነገር ስለሌለ ሻይ ጠጥተው፣ በርበሬው አስነጥሷቸው ሄዱ። ሀምዱ በሩ ላይ ዞር ብሎ «በይ ዳቦው ያለው ከመስጊዱ ማዶ ነው» አላት። ጥያቄው የትምህርት መሆኑን እስከ ዛሬ ያወቀም አይመስልም።

ትምህርቱ በገፋ ጊዜ አሪፋ የመጽሐፉ ጥያቄና መልስ አለቀባት። አንድ ቀን ጆንያ ስታራግፍ ውላ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ በሩ ላይ ቆማ የምትለው ጠፋት። ሐጂ ይጠብቃሉ። ያላት ቃል ጥቂት ነው። ካላት ውስጥ የመጣላትን አነሣች።

«ኢሽ ቢን ሙደ!» ብላ ጮኸች። ደክሞኛል ማለት ነው።

እጃቸው ተነሣ።

«ብቻዬን ነኝ!» አለች በጀርመንኛ። እጃቸው ተነሣ። «ባሌ ሩቅ ነው! ልጅ የለኝም! ቤቱ ትልቅ ነው! ደክሞኛል!» ሰዋስዉ ይገጥም አይገጥም አላሰበችም። በአማርኛ ለእናቷ እንኳ ያላወጣችውን በገበያ መሀል በጩኸት ተናገረችው፤ ማንም አልሰማትም፣ ሁሉም ሰማት። እንባዋ መጣ። በርበሬው ነው እንዳትል የዚያን ቀን ዛላው ደህና ነበር።

ሐጂ እጃቸውን ሳያወርዱ አዩዋት።

«ይሄኛው» አሉ ዝግ ብለው፣ «ስለ ዳቦ አይደለም።»

ሌላ አልጠየቋትም። በርጩማቸውን ገፋ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላትና ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ሲያልቅ ወግ ይጀምራሉ። ሐጂ ስለ ሟች ሚስታቸው፣ ስለ ማህዲ ልጅነት፣ በበቅሎ በርበሬ ጭነው ስለተጓዙበት ዘመን ያወራሉ። እሷም ጆሯቸው ሥር ሆና፣ መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ቀስ በቀስ በአማርኛ ትመልሳለች። ናጂሃ ባሕር ዳር ልውሰድዎ ባለች ቁጥር ሱቄን ለማን ትቼ የሚሉት ሐጂ፣ አንድ ቀን «ዝም ያለ ቤት ይከብዳል» አሏት። «አንቺ ስትሄጂ እንግዲህ ያው ነው።» አሪፋ ይህን ሰምታ ሻይዋን አስቀመጠች። እያንዳንዷ የምታሻሽላት ቃል ከኚህ ሰው እንደምታርቃት ያወቀችው ያኔ ነው። እሳቸው ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያውቁት ኖሯል።

ሦስተኛውን ፈተና ለመፈተን ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኟት። አዲስ አበባ እኚያው መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ነበሩ። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ሻይ ትወድ እንደሆነ ጠየቃት። አሪፋ ቀና አለች፣ ሴትዮዋን ዓይን ዓይናቸውን አየች፣ ሐጂ ከሚዛኑ ጀርባ እንደተቀመጡ አድርጋ «ያ!» አለች። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሸሸት አሉና ሳቁ። ውሃ አልቀዱላትም።

ውጤቱ የደረሰው የገበያ ቀን ነው። መደዳው በሰው ተሞልቷል፣ አሪፋ በሩ ላይ ለአንድ ገበሬ ዛላ እያየችለት ነበር። አለበል ደወለ። «አልፈሻል! አሪፋ፣ አልፈሻል! በንግግሩ ነው እኮ ከፍ ያልሽው!» ሰላምታ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ከማህዲ ጋር የምትኖርበትን ቤት፣ በረዶውን፣ አውሮፕላኑን ልታስብ ሞከረች። የመጣላት ግን ትልቅ ድካም ነው፤ ሸክም ሲወርድ ትከሻ የሚሰማው ዓይነት። ደስ ብሏታል። ደስታዋም ደክሞት ነበር የደረሰው።

ቀና ስትል ሐጂ አፏን ያያሉ።

«መምህርሽ ነው?» አሉ። «አለፍሽ እንዴ?»

ትንፋሿ ሳታዝዘው በራሱ ተሳበ።

«አልሰማሁም» አሉ ሐጂ።

ማየቱን አይተዋል፤ ዓይናቸው ቀድሞ ርሷል። ግን የሱቁ ሕግ ሕግ ነው። «ያ» ብትላቸው ይበቃ ነበር። አሪፋ ይህን ነገር በሰው ቋንቋ ልትነግራቸው አልፈለገችም።

«አልፌያለሁ፣ አባባ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። ሀምዱ አንገቱን ከሱቁ አወጣ፤ ገበሬው ዛላውን ጣለ። «ልሄድ ነው! ትቼዎት ልሄድ ነው፣ አባባ!»

ነውረኛ ያላት ሰው አልነበረም። ሐጂ አብዱረህማን እጃቸውን አላነሡም። ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ከዚያ አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ አጠር አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

አሪፋ ከበሩ ሆና በደንብ ሰማቻቸው።